የኦፒዮይድ መቋረጥ ሕመም በጨቅላ ሕፃናት፤ በሰውነት ላይ የሚለጠፉ መከታተያዎች ጥቅምና ወሰን

መግቢያ

በእርግዝናዋ ወራት ሜታዶን ስትወስድ የቆየች እናት በቂ ክብደት ያለው ሕፃን ትገላገላለች። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ ይጠባል፣ ይተኛል፤ የሚያሳስብ ነገር አይታይበትም። በሁለተኛው ቀን ማታ ግን ለቅሶው ይቀጥናል፣ እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጡት ይዞ መልሶ ይለቃል፣ ደጋግሞ ያስነጥሳል፣ እንቅልፍም እምቢ ይለዋል። ተረኛዋ ነርስ ቅጽ ይዛ ትቀርብና ምልክቶቹን አንድ በአንድ እየተመለከተች ነጥብ ትሰጣለች። ድምሩ ስምንት ሆኖ በተከታታይ ከተደጋገመ ለሕፃኑ ሞርፊን ይጀመርለታል፤ ሰባት ከሆነ ግን አይጀመርለትም። በሰባትና በስምንት መካከል ያለው ልዩነት ሕፃኑ ሁለት ጊዜ አዛጋ ወይስ አራት ጊዜ የሚል ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሞርፊን አንዴ ከተጀመረ በአንድ ቀን አይቆምም። መጠኑ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ ሕፃኑ ለብዙ ቀናት፣ አልፎ አልፎም ለሳምንታት በሆስፒታል ይቆያል፤ በብዙ ቦታዎችም ከእናቱ ተለይቶ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይተኛል። ስለዚህ የሕመሙ ምልክቶች የሚለኩበት መንገድ ለመዝገብ ያህል የሚሠራ ሥራ አይደለም። ሕፃኑ መድኃኒት ማግኘት አለማግኘቱን፣ ከእናቱ ጋር መቆየት አለመቆየቱን የሚወስን የሕክምናው አካል ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በጨቅላ ሕፃን ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ገመድ አልባ መከታተያዎች ተሠርተው ጥቅም ላይ መዋል ጀምረዋል። እነዚህ መሣሪያዎች በመቋረጥ ሕመም ለተያዙ ሕፃናት ምን ሊጠቅሙ እንደሚችሉ፣ ወሰናቸውም እስከ ምን ድረስ እንደሆነ ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የሕመሙ ምንነት

ኦፒዮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም ሞርፊን፣ ሄሮይን፣ ኮዴይን፣ ፈንታኒል፣ ትራማዶል፣ ሜታዶን፣ ቡፕሬኖርፊንና የመሳሰሉት፣ እንግዴ ልጁን አልፈው ወደ ፅንሱ ደም ይገባሉ። እናቲቱ ለረጅም ጊዜ ስትወስዳቸው ከቆየች የፅንሱ የነርቭ ሥርዓት ይላመዳቸዋል። ኦፒዮይድ የነርቭ ሕዋሳትን የሚያቀዘቅዝ በመሆኑ ሕዋሳቱ ጫናውን ለመቋቋም የውስጥ እንቅስቃሴያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እትብቱ ሲቆረጥ የመድኃኒቱ ምንጭ በድንገት ይቋረጣል፤ ከፍ ብሎ የቆየው እንቅስቃሴ ግን ወዲያውኑ አይወርድም። በተለይ ሎከስ ሴሩሊየስ በተባለው የአንጎል ግንድ ክፍል የሚገኙ ሕዋሳት ኖርአድሬናሊንን ከመጠን በላይ ያመነጫሉ። የሕፃኑ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የሰውነት ሙቀት መጨመር፣ የልብ ምትና የትንፋሽ መፍጠን በአብዛኛው ከዚህ የሚመነጩ ናቸው።

ምልክቶቹ በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ የማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት ምልክቶች ሲሆኑ ቀጭን ለቅሶ፣ የእንቅልፍ ማጠር፣ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መወጠር፣ አልፎ አልፎም መንዘፍዘፍ ይገኙባቸዋል። ሁለተኛዎቹ ላብ፣ ትኩሳት፣ ማዛጋት፣ ማስነጠስ፣ የአፍንጫ መታፈንና የትንፋሽ መፍጠን ናቸው። ሦስተኛዎቹ ከምግብ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ በደንብ አለመጥባት፣ ማስታወክ፣ ተቅማጥና የክብደት መቀነስ ናቸው።

ምልክቶቹ የሚጀምሩበት ጊዜ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ይለያያል። ሄሮይን ከሆነ ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ፤ ሜታዶን ከሆነ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ፤ አንዳንዴም እስከ አምስትና ሰባት ቀን ሊዘገዩ ይችላሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ለረጅም ጊዜ ለሚሠሩ ኦፒዮይዶች የተጋለጠ ሕፃን ከአራት እስከ ሰባት ቀን በክትትል ሥር እንዲቆይ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ነጥቦች በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። አንደኛው፣ ሕፃኑ ሱሰኛ አይደለም። ሱስ ጉዳቱ እየታወቀ ዕፅን የመፈለግና የመጠቀም ባሕርይ ሲሆን፣ በሕፃኑ ላይ የሚታየው ግን አካላዊ መላመድ ብቻ ነው። ሐኪም ባዘዘላት ሜታዶን ወይም ቡፕሬኖርፊን ሕክምናዋን በአግባቡ የምትከታተል እናትም ለራሷም ለፅንሷም የተሻለውን መንገድ የመረጠች ናት፤ መድኃኒቱን በእርግዝና ወቅት በድንገት ማቋረጥ ወደ ዕፅ መመለስንና በፅንሱ ላይ አደጋን ሊያስከትል ይችላል። ሁለተኛው፣ የሚንቀጠቀጥ ሕፃን ሁሉ የመቋረጥ ሕመም አለበት ማለት አይደለም። የደም ስኳር ማነስ፣ የካልሲየም ማነስ፣ የደም መመረዝ፣ በወሊድ ጊዜ የደረሰ የኦክሲጅን እጥረትና የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳዩ ስለሚችሉ አስቀድመው መመርመር ይኖርባቸዋል።

የሕመሙ ስፋት ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ነው። በዚያች አገር እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 የሆስፒታል ወሊዶች 1.2 ያህሉ በዚህ ሕመም ተመዝግበው የነበረ ሲሆን በ2009 ቁጥሩ 3.4 ደርሷል። በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት እንዳመለከተው ደግሞ በ2010 ከ1,000 ወሊዶች 4 የነበረው በ2017 ወደ 7.3 ከፍ ብሏል።

የነጥብ መስጫው ቅጽና ችግሮቹ

ዛሬም በብዙ ሆስፒታሎች የሚሠራበት ቅጽ መሠረቱ የተጣለው በፊላደልፊያ ከተማ በዶክተር ሎሬታ ፊኔጋንና ባልደረቦቻቸው ሲሆን የወጣውም እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ቅጹ ሃያ አንድ ምልክቶችን የያዘ ሲሆን ለእያንዳንዱ እንደ ክብደቱ ነጥብ ይሰጣል። ለምሳሌ መንዘፍዘፍ አምስት ነጥብ፣ ሕፃኑ ከጠባ በኋላ ከአንድ ሰዓት በታች ብቻ መተኛቱ ሦስት ነጥብ፣ ደጋግሞ ማዛጋት አንድ ነጥብ ያሰጣል። ምዘናው በየሦስት ወይም በየአራት ሰዓቱ ይደገማል። ሦስት ተከታታይ ድምሮች ስምንትና ከዚያ በላይ፣ ወይም ሁለቱ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ በተለመደው አሠራር መድኃኒት ይጀመራል።

ቅጹ በዘመኑ ትልቅ እርምጃ ነበር። ከእሱ በፊት ሕክምናው በእያንዳንዱ ሐኪም ግምት ላይ የተመሠረተ ስለነበር ቅጹ ለሁሉም የጋራ ቋንቋ ሰጥቷል። ሆኖም ሦስት ችግሮች አሉበት። አንደኛው የመዛኙ አስተያየት የሚገባበት መሆኑ ነው። “ቀላል መንቀጥቀጥ” እና “ከባድ መንቀጥቀጥ”፣ “ተራ ለቅሶ” እና “ቀጭን ለቅሶ” የሚባሉትን ሁለት ነርሶች በአንድ ዓይን ላያዩዋቸው ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ሆስፒታሎች ነርሶቻቸውን በየጊዜው ማሠልጠንና የሚሰጡትን ነጥብ ማመሳከር ግድ ሆኖባቸዋል።

ሁለተኛው ችግር ምዘናው ራሱ ሕፃኑን የሚያውክ መሆኑ ነው። ሲነካ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ለማወቅ መንካት፣ የሞሮን ሪፍሌክስ ለማየት ማስደንገጥ፣ የጡንቻውን ውጥረት ለመለካት እግሩንና እጁን መሳብ ያስፈልጋል። ከብዙ ትግል በኋላ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን ለነጥብ ሲባል ከተቀሰቀሰ የሚመዘገበው ነጥብ ከሕመሙ ሌላ የመቀስቀሱንም ውጤት የያዘ ይሆናል።

ሦስተኛው ምዘናው የአፍታ ምስል መሆኑ ነው። በአራት ሰዓት መካከል የሆነው ሁሉ በነርሷ ትዝታ ወይም በእናቲቱ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ሕፃኑ ስንት ጊዜ ነቃ? ለምን ያህል ደቂቃ አለቀሰ? እነዚህን በትክክል የሚመዘግብ የለም።

ጥያቄው ሲለወጥ ውጤቱም ተለወጠ

እ.ኤ.አ. በ2017 ከዬል ኒው ሄቨን የሕፃናት ሆስፒታል የወጣ ዘገባ በሕክምናው ላይ ትልቅ ለውጥ አስከተለ። የዚያ ሆስፒታል ሐኪሞች እናቶች ከሕፃናቱ ጋር በአንድ ክፍል እንዲተኙ፣ ክፍሉ ጸጥተኛና ደብዛዛ ብርሃን ያለው እንዲሆን፣ ሕፃኑ እንዲታቀፍና እንዲጠባ አደረጉ። ሃያ አንዱን ምልክት በመቁጠር ፈንታም ሦስት ጥያቄዎችን ጠየቁ፤ ሕፃኑ በቂ ምግብ ይወስዳል? ሳይረበሽ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተኛል? ሲያለቅስ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሊባበል ይችላል? ለሦስቱም መልሱ “አዎ” ከሆነ ሕፃኑ ቢንቀጠቀጥም ቢያስነጥስም መድኃኒት አልተሰጠውም። አንዱ ከጎደለ ደግሞ መጀመሪያ የተጨመረው እንክብካቤ ነው፤ ሞርፊን የተሰጠው ይህ ሳይበቃ ሲቀር ብቻ ነበር።

በአሠራሩ ለውጥ ሂደት ውስጥ በዚያ ሆስፒታል ሜታዶን የተጋለጡ ሕፃናት አማካይ የቆይታ ጊዜ ከ22.4 ቀን ወደ 5.9 ቀን፣ ሞርፊን የሚወስዱትም ከመቶ 98 ወደ 14 ወረደ። የአንድ ሆስፒታል ልምድ ለሌላው ላይሠራ ይችላል የሚል ጥያቄ መነሳቱ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው በ26 የአሜሪካ ሆስፒታሎች 1,305 ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ግን ይህንኑ አጠናከረ። በተለመደው አሠራር ሕፃናቱ ለመውጣት ብቁ እስኪሆኑ በአማካይ 14.9 ቀን ሲፈጅ በአዲሱ 8.2 ቀን ፈጅቷል፤ መድኃኒት የወሰዱትም ከመቶ 52 ወደ 19.5 ቀንሰዋል። በሦስት ወር ዕድሜያቸው ሲታዩም በደኅንነታቸው ላይ የጎላ ልዩነት አልተገኘም።

የእነዚህ ጥናቶች ትምህርት ለመሣሪያዎቹ ጉዳይ መነሻ ነው። በሕፃናቱ ሕመም ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው የሚጠየቀው ጥያቄና አብሮት የመጣው እንክብካቤ ነው። ምልክትን አብዝቶ የሚቆጥር ብዙ መድኃኒት ይሰጣል፤ ሕፃኑ እንደ ሕፃን መኖር መቻሉን የሚጠይቅ ጥቂት ይሰጣል።

መሣሪያዎቹ ምን ይለካሉ?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጨቅላ ሕፃናት የተዘጋጁ ሁለት ስስና እንደ ቆዳ የሚተጣጠፉ ልጣፎችን አስተዋወቁ። አንዱ በደረት፣ ሌላው በእግር ላይ ይለጠፋል። መረጃውን የሚያስተላልፉት ያለ ገመድ ሲሆን ማጣበቂያቸውም ከተለመደው የላላ በመሆኑ በስሱ የሕፃን ቆዳ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት አነስተኛ ነው። በ2020 የወጣው ተከታይ ሥራቸው የሕፃኑን እንቅስቃሴ፣ የአካሉን አቀማመጥና የለቅሶውን ድምፅ ጭምር መመዝገብ እንደሚቻል አሳይቷል።

በእነዚህና በተመሳሳይ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋና መለኪያዎች የሚከተሉት ናቸው።

የልብ ምት፦ በደረት ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች ኢ.ሲ.ጂ. ይመዘግባሉ። የልብ ምቱ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ከምት ወደ ምት ያለው ልዩነትም የነርቭ ሥርዓቱን ውጥረት ሊያመለክት ይችላል።

የኦክሲጅን መጠን፦ በእግር ላይ ያለው መለኪያ ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በቆዳ ውስጥ በመላክ ኦክሲጅን የያዘውና ያልያዘው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን የሚውጡበትን ልዩነት ያሰላል። የፐልስ ኦክሲሜትር አሠራር ነው።

እንቅስቃሴና ትንፋሽ፦ አክሰለሮሜትር የተባለው ጥቃቅን መለኪያ የደረትን ከፍና ዝቅ ማለት፣ የእጅና የእግርን መንቀጥቀጥ፣ የሕፃኑን መንቃትና መተኛት ይለያል።

ሙቀትና ላብ፦ ሙቀት በቆዳ ላይ ይለካል። ላብ ደግሞ ቆዳው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ሲጨምር ይታወቃል፤ የላብ ዕጢዎች በሲምፓቴቲክ ነርቭ የሚታዘዙ በመሆናቸው ይህ ልኬት የመቋረጥ ሕመምን ለመገመት ይረዳ እንደሆነ ተመራማሪዎች ሞክረውታል።

ለቅሶ፦ የለቅሶው ቅጥነት፣ ርዝመትና ድግግሞሽ በኮምፒውተር ሊተነተን ይችላል።

ከፊኔጋን ቅጽ ጋር ሲነጻጸር መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ፣ ለቅሶ፣ ላብ፣ ሙቀትና ትንፋሽ በመሣሪያ ሊለኩ የሚችሉ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃኑ ሳይነካና ሳይቀሰቀስ መለካቱ፣ በየአራት ሰዓቱ ሳይሆን ሳያቋርጥ መመዝገቡ፣ ከሰው ወደ ሰው የማይለዋወጥ መሆኑ ከላይ ለተጠቀሱት ሦስት ችግሮች መልስ የሚሰጥ ይመስላል።

የማይለኩትና የሚሳሳቱበት

ተስፋው ይህን ያህል ቢሆንም በሥራ ላይ የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው እንቅፋት ይበልጥ የታመመው ሕፃን ይበልጥ ለመለካት የሚያስቸግር መሆኑ ነው። የሚንቀጠቀጥና የሚራገጥ እግር ላይ ያለ ኦክሲሜትር የተዛባ ንባብ ይሰጣል፤ የሚያልበው ቆዳ ልጣፉን ይለቃል፤ ከአልጋ ልብስ ጋር በመታሸቱ የተላጠ ቆዳ ደግሞ ማጣበቂያ ሊለጠፍበት አይገባም። በመሆኑም መረጃው የሚጎድለው ሐኪሙ ይበልጥ በሚፈልገው ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው፣ አንድ ዓይነት ንባብ ብዙ ትርጉም አለው። የልብ ምት መፍጠን የመቋረጥ ሕመም፣ የረኃብ፣ የትኩሳት፣ የኢንፌክሽን ወይም የተራ ለቅሶ ውጤት ሊሆን ይችላል። በእናቱ ደረት ላይ ታቅፎ የተኛ ሕፃን የቆዳው ሙቀት ከፍ ሊል ይችላል፤ ይህን እንደ ሕመም ምልክት የሚቆጥር መሣሪያ መድኃኒት የሆነውን እቅፍ እንደ በሽታ ቆጠረ ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚበልጡት ነገሮች ከመሣሪያው ዓይን ውጭ ናቸው። ሕፃኑ ምን ያህል ጠባ? አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ተባበለ? የተባበለውስ በእናቱ እጅ ነው ወይስ በሌላ? እነዚህን የሚመልሰው በአጠገቡ ያለ ሰው ነው።

አራተኛው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ብዛት ነው። ሳያቋርጥ የሚለካ መሣሪያ ሳያቋርጥ ሊጮኽ ይችላል። አብዛኛው ጩኸት እርምጃ የማያስፈልገው ሲሆን ባለሙያው ጆሮውን ይለምደዋል፤ እውነተኛው አደጋ ሲመጣም ሳይሰማ ሊቀር ይችላል። ጸጥታ ለሚያስፈልገው ሕፃን ደግሞ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ራሱ ሁከት ነው።

አምስተኛው የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ በአዋቂ ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ፐልስ ኦክሲሜትር በጥቁር ሕሙማን ላይ የኦክሲጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ሁኔታ ከነጮቹ ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቷል። በብርሃን የሚሠራ ማንኛውም መለኪያ ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሕፃናት ላይ ሳይፈተሽ ሊታመን አይገባም።

በሆስፒታል የሚሠራበትን መሣሪያ ለወላጆች በገበያ ከሚሸጠው መለየትም ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በፊላደልፊያ በ30 ሕፃናት ላይ ሁለት የገበያ መሣሪያዎች ከሆስፒታል ሞኒተር ጋር ሲነጻጸሩ አንደኛው የኦክሲጅን እጥረትን አንድ ጊዜም አልደረሰበትም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የቤት ውስጥ ሞኒተሮች የሕፃናትን ድንገተኛ ሞት ይከላከላሉ ተብለው እንዳይወሰዱ አሳስቧል።

በእርግጥ የሚጠቅሙበት ቦታ

ከላይ የተዘረዘሩት ችግሮች መሣሪያዎቹ አያስፈልጉም ወደሚል መደምደሚያ ሊያደርሱ አይገባም። የሚያስፈልጉበት ቦታ በትክክል መታወቅ አለበት እንጂ። በአሁኑ ወቅት የተለጣፊ መከታተያ ንባብ ብቻውን ሞርፊን ለመጀመር ወይም ለማቆም የሚያበቃ መለኪያ ተደርጎ ተቀባይነት አላገኘም። ግልጽ ጥቅሙ ያለው በሌላ አቅጣጫ ነው።

ሞርፊን የጀመረ ሕፃን ትንፋሹ ሊቀንስ ስለሚችል የልብ ምቱ፣ ትንፋሹና የኦክሲጅኑ መጠን መከታተል አለበት። ክሎኒዲን ሲጨመርም የልብ ምትና የደም ግፊት መውረድ ያሰጋል። በተለመደው ሞኒተር ይህ ክትትል ማለት በሕፃኑ ደረትና እግር ላይ በርካታ ገመዶች መዘርጋት ማለት ነው። እናቲቱ ልታቅፈው ስትሻ ገመዱ እንዳይነቀል ትፈራለች፤ ነርስ ትጠራለች፤ ነርሷ ካልደረሰች ሕፃኑ በአልጋው ላይ እያለቀሰ ይቆያል። ገመዱ ሲወገድ እናቲቱ ማንንም ሳታስፈቅድ ሕፃኗን ታነሳለች፣ ታጠባለች፣ ትጠቀልላለች፤ ክትትሉም አይቋረጥም። ልጣፉ ሞርፊን ለሚወስደው ሕፃን የሚያበረክተው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ሌላው ጥቅም የእንቅልፍ መዝገብ ነው። “ሳይረበሽ አንድ ሰዓት ተኝቷል?” ለሚለው ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሕፃኑን ሳይነኩ መልስ መስጠት የሚቻለው በእንዲህ ዓይነት መሣሪያ ነው። እንደዚሁም እያገገመ ያለ ሕፃን የሞርፊን መጠኑ ሲቀነስ እንቅልፉና እንቅስቃሴው ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደተለወጠ መመልከት ለውሳኔ ይረዳል። በዚህ ሁሉ መሣሪያው የባለሙያውን ምልከታ ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ይሁንና የሚሰበሰበው መረጃ በማን እጅ እንደሚገባ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በአሜሪካ ሕግ በዕፅ ለተጎዱ ጨቅላ ሕፃናት የእንክብካቤ ዕቅድ እንዲዘጋጅ ይጠየቃል፤ የሕፃናት ጥበቃ አገልግሎትም በጉዳዩ ሊገባ ይችላል። ልጇን እንዳትነጠቅ የምትፈራ እናት ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ መሣሪያ ሲለጠፍ የሚታየው ሕፃኑ ነው ወይስ እሷ ብላ መጠየቋ ተገቢ ነው። ባለሙያው መሣሪያው ምን እንደሚመዘግብ፣ መዝገቡን ማን እንደሚያየው በግልጽ ካላስረዳት እምነቷን ያጣል፤ እምነቷን ያጣች እናት ደግሞ ከሕፃኑ አልጋ ትርቃለች። ሕፃኑ ከዚህ የበለጠ የሚያጣው መድኃኒት የለም።

ለኢትዮጵያ ባለሙያዎች ያለው ትምህርት

የኦፒዮይድ መቋረጥ ሕመም በኢትዮጵያ የጨቅላ ሕፃናት ክፍሎች የዕለት ተዕለት ችግር ሆኖ አይታይም፤ በውጭ አገር ሆስፒታሎች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና ሐኪሞች ግን ሊያጋጥማቸው ይችላል። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥም ሊታወስ የሚገባው ነገር አለ። ትራማዶል ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዝ ኦፒዮይድ ነው፤ በእርግዝና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በሕፃኑ ላይ የመቋረጥ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። ምክንያቱ ያልታወቀ መንቀጥቀጥና ቀጭን ለቅሶ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሲታይ የስኳር መጠንና ኢንፌክሽን ከተመረመሩ በኋላ እናቲቱን ስለወሰደቻቸው መድኃኒቶች ያለ ወቀሳ መጠየቅ ተገቢ ነው። እናቱ ኦፒዮይድ ስትወስድ ለቆየች ሕፃን ናሎክሶን መስጠት ድንገተኛና ከባድ የመቋረጥ ሕመም፣ መንዘፍዘፍም ሊያስነሳ ስለሚችል መወገድ አለበት፤ ትንፋሹ የደከመ ሕፃን በመጀመሪያ የሚያስፈልገው በአምቡ ባግ አየር መስጠት ነው።

ገመድ አልባ መከታተያዎችም ለአፍሪካ እንግዳ አይደሉም። በናይሮቢ የአጋ ኻን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በጨቅላ ሕፃናት ላይ ተሞክረው ከተለመደው ሞኒተር ጋር ተነጻጽረዋል። መሣሪያዎቹ ወደ ኢትዮጵያ በሚመጡበት ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገለግሉት ያለጊዜያቸው የተወለዱትንና የታመሙትን ሕፃናት እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ሆኖም ከመቋረጥ ሕመም የተገኘው ትምህርት ለእነሱም ይሠራል።

ይህ ትምህርት ለኢትዮጵያ ሐኪሞች አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ ያደረጉት ጥናት ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ በእናታቸው ደረት ላይ በቆዳ ለቆዳ ንክኪ ሲያዙ የሞቱት ከመቶ 22.5፣ በተለመደው እንክብካቤ ከተያዙት ደግሞ ከመቶ 38 መሆናቸውን አሳይቷል። በቦጎታ በ1970ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የካንጋሮ እንክብካቤና በዬል የተጀመረው የመቋረጥ ሕመም አያያዝ መነሻቸው ቢለያይም የደረሱበት ቦታ አንድ ነው፤ የጨቅላ ሕፃን የመጀመሪያው አልጋ የእናቱ ደረት ነው።

ስለዚህ አንድ ጤና ተቋም መከታተያ መሣሪያ ሲቀርብለት አራት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። መሣሪያው ሕፃኑን ከእናቱ ያቀርባል ወይስ ያርቃል? በጥቁር ቆዳ ባላቸው ጨቅላ ሕፃናት ላይ ተፈትሿል? ሲጮኽ መልስ የሚሰጥ ባለሙያ በየፈረቃው አለ? ልጣፉ ሲያልቅና ባትሪው ሲደክም ምትክ ይገኛል? ለእነዚህ መልስ ያልተገኘለት መሣሪያ በመጋዘን አቧራ ከመሸከም አያልፍም።

ማጠቃለያ

በመቋረጥ ሕመም የተያዘ ጨቅላ ሕፃን ክትትል ከ1975 ጀምሮ ከነጥብ መስጫ ቅጽ ተነስቶ ዛሬ በቆዳ ላይ እስከሚለጠፍ መለኪያ ደርሷል። መሣሪያዎቹ ሕፃኑን ሳይቀሰቅሱ እንቅልፉን መመዝገብ፣ ሞርፊን ለሚወስደው ሕፃን ደኅንነት መጠበቅና ገመዱን ማስወገድ ይችላሉ። ነገር ግን ምልክትን በብዛት መቁጠር በራሱ የተሻለ ሕክምና አለመሆኑን ያለፉት ዓመታት ጥናቶች አሳይተዋል። የባለሙያው ኃላፊነት መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ከሕፃኑ ሁኔታ ጋር አያይዞ መተርጎም፣ ከሁሉም በፊት ሕፃኑ ይጠባ፣ ይተኛና ይባበል እንደሆነ ማየት ነው። በዚህ መንገድ ከተሠራበት ልጣፉ እናቲቱ ሕፃኗን ያለ ሥጋት እንድታቅፍ ያደርጋታል፤ እቅፏም ከሞርፊን በፊት የሚሰጠው ሕክምና ሆኖ ይቀጥላል።